የደፋሁት ውሃ

ባለፈው ጥቅምት፣ አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ፍላት ቶፕስ በሚባለው ተራራ ላይ፣ ሁለት ሊትር የሚሆን ንጹህ ውሃ መሬት ላይ ደፋሁ። ማንም አላስገደደኝም። ውሃው አልቆሸሸም። የከረጢቱን ክዳን ከፈትኩ፣ ዘቅዝቄ ያዝኩት፣ ሲያልቅ አራገፍኩት። ውሃው ደረቁን ሣር ሲመታ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ያደግኩት አዲስ አበባ፣ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው ማንኮራፋት ሲጀምር እናቴ ከሁላችን ቀድማ ትነሳለች። ቢጫ ጀሪካኖች በር ላይ ይደረደራሉ። እኔ እንቅልፌን ሳልጨርስ ባትሪ እይዝላታለሁ። ልብስ የታጠበበት ውሃ ወለል ይታጠብበታል። ወለል የታጠበበት ደግሞ ሽንት ቤት ይገባል። እናቴ ንጹህ ውሃ ስትደፋ አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። የእሷ ልጅ ግን ደፋ። ለዚያውም በሕይወቱ ውሃ ከሁሉም በላይ ባስፈለገው ቀን። ነገሩ ዓመቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ከረመ። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ጋሼና ኤልኩ

አውሮራና ዴንቨር ከተማ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ጥቅምት ሲገባ ወደ ተራራው የሚወስደው መንገድ ላይ ያሉ ማደያዎች ብርቱካንማ ሰደርያ በለበሱ ሰዎች ይሞላሉ። ጋሼ ከእነሱ አንዱ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፣ አይወዱም። በደርግ ዘመን በመተማ በኩል በእግራቸው ሱዳን የገቡ፣ ከዚያ ወደ ዴንቨር የመጡ ሰው ናቸው። ማደን ያስተማራቸው የድሮ የሥራ ባልደረባቸው ነው። እኔን ደግሞ እሳቸው አስተማሩኝ።

ኤልክ ላላያችሁ፣ የአጋዘን ወገን ነው፤ ሲያዩት ግን ፈረስ ያክላል። የደረሰ ወንድ 300 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ያመሰኳል፣ ሰኮናው ስንጥቅ ነው። ሥጋው ቀይ ነው፣ ጮማ አይበዛውም። ግጦሹም ማረፊያውም 3,000 ሜትር ላይ ነውና እሱን የፈለገ ሰው እዚያው ድረስ መውጣት አለበት።

ብዙ ሰው ማደን ሲባል መተኮስ ብቻ ይመስለዋል። ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከተኩሱ በኋላ ነው። የሚበላውን ሥጋ ጫካ ጥሎ መምጣት በኮሎራዶ ሕግ ያስቀጣል። ሕጉ ባይኖርም ነውር ነው። እኛ የምናድንበት ቦታ መኪና አይገባም። ስለዚህ ያ ሁሉ ሥጋ በሰው ጀርባ መውጣት አለበት። ፈረስ ያለው በፈረስ ይጭናል። እኔና ጋሼ ያለን ጀርባችን ነው።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፣ በመጀመሪያው የጠመንጃ ወቅት። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪናውን ቆልፈን ጉዞ ጀመርን። ብርዱ ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ነበር። ጀርባዬ ላይ ሦስት ሊትር የሚይዝ የውሃ ከረጢት አለ። ቱቦው በትከሻዬ ዞሮ ደረቴ ላይ ይወርዳል። ግማሽ ሰዓት እንደሄድን ልጠጣ ብዬ ስመጠው ምንም አልመጣም። ቱቦው ውስጥ የቀረችው ውሃ በረዶ ሆናለች። ሰው ከጠጣ በኋላ እፍ ብሎ ውሃውን ወደ ከረጢቱ መመለስ እንዳለበት ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ይሟሟል ብዬ ተውኩት። ደግሞም አልጠማኝም።

ሁለት ሰዓት ላይ ጋሼ ተኮሱ። አንድ ጥይት። ኤልኩ ሠላሳ እርምጃ ያህል ሄዶ ወደቀ። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው አማተቡ። ከዚያ ቢላዋቸውን አወጡ።

ጋሼ ቢላ ሲይዙ ቅርጫ የሚያወጡ ነው የሚመስሉት። ታፋ፣ ወርች፣ ሽንጥ፣ ጭቅና እያሉ ብልቱን በየስሙ ያወርዱታል። እኔ እግሩን እይዛለሁ፣ ቆዳውን እስባለሁ፣ የወጣውን በጨርቅ ከረጢት እየከተትኩ ጥላ ሥር እሰቅላለሁ። አጥንቱን አውጥተን ስንጨርስ 100 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ቀረን። ሦስት ሰዓት ፈጀብን። በእነዚያ ሦስት ሰዓታት አንድ ጉንጭ ውሃ አልጠጣሁም። እጄ በደም ተጨማልቋል፣ የቱቦውን አፍ መንካት አልፈለግኩም። ጃኬቴን ሳላወልቅ ስለሠራሁ ውስጡ ላብ በላብ ነበር። ውጪው ብርድ ስለሆነ ግን ላብ መሆኑን ልብ አላልኩትም።

ሁለት ኪሎ

የመጀመሪያውን ዙር ሃያ አምስት ሃያ አምስት ኪሎ ተሸከምን። መንገዱ አምስት ኪሎ ሜትር ነው። መጀመሪያ ወደ አንዲት ትንሽ ወንዝ ይወርዳል፣ ከዚያ መኪናው እስካለበት ጋራ ድረስ ቀጥ ያለ አቀበት ነው። ጋሼ በየተወሰነ ርቀት ይቆማሉ። ስድሳዎቹን የጀመሩ ሰው ናቸው፣ ደክሟቸው መሰለኝ። እኔ ወጣት ነኝ፣ ጉልበት አለኝ፣ የደጋ ልጅ ነኝ። ቀደም ብዬ እየሄድኩ እጠብቃቸዋለሁ። ለካ እሳቸው የሚቆሙት ለመጠጣት ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ መኪናው ጋ ደረስን። ከፔርሙዝ ግማሽ ስኒ ቡና ጠጣሁ፣ ሁለት እፍኝ ቆሎ በላሁ። ጋሼ ከጀሪካኑ ኮዳቸውን ሞሉ። "ሙላ" አሉኝ። "አለኝ፣ ገና አላለቀም" አልኳቸው። እውነቴን ነበር፣ አላለቀም። ከማለዳ ጀምሮ ከሦስቱ ሊትር አንዱን እንኳ አልጨረስኩትም። ያን ጊዜ ይህ ጥሩ ዜና መስሎ ታየኝ።

አሥር ሰዓት ላይ ወደ ሥጋው ተመለስን። ሃምሳ ኪሎ ያህል ቀርቷል። ጋሼ የሚችሉትን ጫኑ፣ አሥራ ስምንት ኪሎ ቢሆን ነው። የቀረውን አየሁት። አንዷን ከረጢት ትቼ ብሄድ ነገ ሦስተኛ ዙር መመለስ ይመጣል። ጋሼ ደግሞ "አብሬህ ካልመጣሁ" ማለታቸው አይቀርም። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እኔ ሁሉንም ልሸከም አልኩ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚለውን እያወቅኩ ሃምሳውንም ሎሚ ብቻዬን ማንሳት አማረኝ።

ሻንጣዬን አንዴ ለማንሳት ሞከርኩ። ሁለተኛ ሞከርኩ። ከበደኝ። ምን ልቀንስ ብዬ አሰብኩ። ጠመንጃ አይጣልም። ሥጋ አይጣልም። ጃኬት ለማታ ያስፈልጋል። ሁለት ሊትር ውሃ ሁለት ኪሎ ነው። ወንዙ ከታች አለ፣ ማጣሪያ ይዣለሁ፣ ደግሞም አልጠማኝም። ሒሳቡ ልክ መሰለኝ። ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተው ገመድ እያሰሩ ሳለ ደፋሁት።

ጥፋቱ ስንፍና ወይም ግዴለሽነት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አይከነክነኝም ነበር። እኔ ግን ለሰው አስቤ ነው የደፋሁት። የጋሼን ጉልበት ላድን ብዬ። ወደ ኋላ መለስ ብዬ ሳስበው፣ በዚያች ሰዓት አእምሮዬ ራሱ ደርቆ ነበር። ከነጋ አንድ ሊትር እንኳ ያልጠጣ ሰው ስለ ውሃ የሚሠራው ሒሳብ አይታመንም።

ወንዝ ዳር

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩት በደንብ አላስታውስም። ድንጋዩ ላይ እግሬ ሁለት ጊዜ ከዳኝ። ራሴን ከግንባሬ በላይ ይወቅረኛል። ወንዙ ጋ ስንደርስ ሻንጣዬን ግንድ ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ። ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ውሃው ይወርዳል። ማጣሪያውን አወጣሁና ከጠርሙሱ ጋር ላጋጥመው ሞከርኩ። ጥርሱ አልገጥም አለ። ወደ ግራ አዞርኩት፣ ወደ ቀኝ አዞርኩት። ክዳን መክደን የማልችል ሰው ሆኜ ቁጭ አልኩ።

ጋሼ አጠገቤ መጥተው ማጣሪያውን ከእጄ ወሰዱ።

"ይሄ ትናንት የት አደረ?"

"መኪና ውስጥ።"

"ውሃ ነክቶት ነበር?"

"አዎ፣ ትናንት ተጠቅሜበታለሁ።"

ማጣሪያውን ወደ ጎን አስቀመጡት። ያን ጊዜ ምክንያቱ አልገባኝም። እነዚህ ትንንሽ ማጣሪያዎች ውስጣቸው እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቱቦዎች ናቸው። ውስጡ የቀረው ውሃ ሌሊት በረዶ ሲሆን ያብጣል፣ ቱቦዎቹን ይሰነጥቃል። በዓይን አይታይም። ውሃው እንደ ድሮው ያልፋል፣ ጀርሙም አብሮ ያልፋል። ስለዚህ ማጣሪያ አንዴ ውሃ ከነካው በኋላ ሌሊቱን ከሰው ጋር መተኛት አለበት፣ ብርድ ልብስ ውስጥ።

"ከረጢትህ ውስጥስ ስንት ቀረህ?" አሉኝ።

"ደፋሁት።"

"ምን አልክ?"

"ደፋሁት ጋሼ። ሸክሙ ከብዶኝ ነው።"

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዝም ብለው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሐኪም የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቁኝ።

"ሽንትህን የሸናኸው መቼ ነው?"

ማሰብ ነበረብኝ። ማለዳ ስንወጣ ሁለት ጊዜ ሸንቻለሁ። ከዚያ ወዲህ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ሙሉ፣ አንድም ጊዜ አልሸናሁም። "ከመተኮሳችን በፊት" አልኩ። ስናገር ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ።

ጋሼ የራሳቸውን ሸክም አወረዱ። ከሻንጣቸው ታች፣ በካልሲ የተጠቀለለች የግማሽ ሊትር ጠርሙስ አወጡ። "ይቺን መኪና ሳልደርስ አልነካትም። ሁልጊዜ አንድ አስቀራለሁ" አሉ። ውስጡ ስኳርና ጨው የገባበት ውሃ ነው። ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ። አልሰጡኝም። ክዳኗን ከፈቱ፣ በክዳኗ ሞሉ፣ ወደ አፌ አቀረቡ። ጠጣሁ። ትንሽ ቆዩ። ደግመው ሞሉ። ቆዩ። ደግመው ሞሉ።

ጋሼ ስለ ሱዳን መንገድ ብዙ አያወሩም። አንዴ ብቻ ነግረውኛል። ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ፣ ቀን ቁጥቋጦ ሥር እየተደበቁ ሲሄዱ ለሰባት ሰው የነበራቸው አንድ አምስት ሊትር ጀሪካን ነው። በክዳን እየለካ የሚያድለው ከመካከላቸው በዕድሜ ትልቁ ሰውዬ ነበር። ያን ነገር ወንዝ ዳር ተቀምጬ፣ ክዳኗ ከንፈሬን ስትነካ አስታወስኩት። እሳቸው ያለ ፍላጎታቸው የለመዱትን ልክ እኔ ሞልቶ በተረፈበት አገር፣ ሁለት ሊትር ከደፋሁ በኋላ ሲለኩልኝ አየሁ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ለእንባ የሚሆን ውሃ መትረፉ ራሱ ገረመኝ።

ሁለተኛውን ጠርሙስ ከወንዙ ሞልተው የማከሚያ ኪኒን ጣሉበት። ጃርዲያን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም፣ ሆዳችን በእሱ ነው ያደገው። ያው ጃርዲያ እዚህም አለ፣ ወንዙ የቱንም ያህል ኩልል ያለ ቢሆን። የኤልኩም የቢቨሩም ኩስ ይገባበታል። ኪኒኑ ጀርሙን ለመግደል ጊዜ ይፈልጋል። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን ጠንካራውን ለመግደልማ አራት ሰዓት ይጠብቃል። "የባሰ ከመጣ ሳይጣራም እንጠጣዋለን። ጃርዲያ መድኃኒት አለው" አሉ ጋሼ። የባሰ አልመጣም።

ከዚያ ሥጋውን ከሁለታችንም ሻንጣ አወጡና በገመድ ከፍ አድርገው ዛፍ ላይ ሰቀሉት፣ ድብ እንዳይደርስበት። እኔ ልረዳ ስነሳ ባቴን ያዘኝና መልሶ አስቀመጠኝ። ጡንቻው እንደ ድንጋይ ተቋጥሯል። "ብርዱ ያቆየዋል፣ ነገ እንመጣለን" አሉ። ያን ሦስተኛ ዙር ላስቀር ብዬ ነበር ውሃውን የደፋሁት።

ብርድ እንዴት ያታልላል

እኛ ጥምን የምናውቀው ከፀሐይ ጋር ነው። ቆላ፣ ሙቀት፣ ላብ። በረዶ ባለበት ቦታ ሰው ይደርቃል ብሎ የሚያስብ የለም። እኔም አላሰብኩም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። የሥራ ባልደረባዬን፣ ነርስ ናት፣ በጥያቄ አሰለቸኋት።

ሲበርደን ደም ከእጅና ከእግር ሸሽቶ ወደ መሃል ይሰበሰባል። ሰውነት መሃሉ ሲሞላ ጊዜ ውሃ የተትረፈረፈው ይመስለዋል። ስለዚህ ሁለት ነገር ያደርጋል። ጥማትን ዝም ያሰኛል፣ ሽንትን ያበዛል። ከፍታውም ሽንት ያበዛል። ማለዳ ሁለት ጊዜ የሸናሁት ጤነኛ ስለሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሌላው ትንፋሽ ነው። ተራራ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ደረቅም ነው። ቶሎ ቶሎ እንተነፍሳለን። ሳንባ የገባውን ደረቅ አየር አርጥቦ ነው የሚያስወጣው። ማለዳ ከአፌ ሲወጣ ያየሁት ያ ነጭ እንፋሎት ውሃዬ ነበር። እንደ ጭስ ሲበተን እያየሁ ውሃዬ መሆኑን አላወቅኩም። "ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው" የሚባለው ወንዝ ውስጥ ለገባ ሰው ነው። ከሰው ውስጥ ሲወጣም እንዲሁ እያሳሳቀ ነው።

የሰባ አምስት ኪሎ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ሲጎድለው፣ ማለትም ከክብደቱ 2 በመቶ ሲያጣ፣ ጉልበቱም ሐሳቡም መድከም ይጀምራል። ከባድ ሸክም ይዞ አቀበት የሚወጣ ሰው ይህን በሁለት ሰዓት ላብ ሊያጣ ይችላል። የደጋ ልጅነቴም አልጠቀመኝም። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት የኖርኩት አውሮራ፣ 1,600 ምናምን ሜትር ላይ ነው። ሰውነት ከፍታ የለመደውን በሳምንታት ውስጥ ይረሳል። እኔ ብቻ ነኝ ያልረሳሁት።

ጀሪካኑ ጋ

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መኪናው ጋ ደረስን፣ ያለ ሥጋ። ሃያ ሊትሩን ጀሪካን ሳየው አንስቼ ልጋተው ነበር። ጋሼ እጄን ያዙኝ።

"ቀስ! በአንዴ አይደለም።"

ይህም ምክንያት አለው። ከላብ ጋር ጨው ወጥቷል። በዚያ ላይ ባዶ ውሃ በብዛት ሲጨመር ደም ውስጥ የቀረው ጨው ይቀጥናል። ኩላሊት በሰዓት ከአንድ ሊትር እምብዛም የማያልፍ ውሃ ነው ማስወጣት የሚችለው። የቀረው ሰውነት ውስጥ ይከማቻል፣ ሲብስ አንጎል ያብጣል። ማራቶን ላይ ከመጠን በላይ ጠጥተው የሞቱ ሰዎች አሉ። ምልክቱም ከድርቀት ጋር ይመሳሰላል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መደናበር። ብዙ ውሃ ጠጣ የሚለውን ምክር ያለ ጨው የሚሰጥ ሰው ግማሹን ነው የተናገረው።

ጋሼ የሚጠቀሙት፣ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ጤና ጣቢያ የሚነገረውን ልክ ነው። ለአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም ልሙጥ። ስኳሩ ለጣዕም አይደለም። አንጀት ጨውና ስኳርን አብሮ ነው የሚያስገባው፣ ውሃው ተከትሏቸው ይገባል። የልጅነታችንን ተቅማጥ ያዳነው ነገር ኤልክ የተሸከመን ሰውም ያድናል። ለዚያ ሌሊት ይህ ልክ ጥሩ ነበር። በአዘቦቱ ለሸክም ቀን እኔ ጨውን ቀነስ አደርገዋለሁ፣ ምግብ ውስጥ ስላለ።

በሶም ይዣለሁ አሁን። እናቴ የላከችልኝን። ገበሬው፣ እረኛው፣ ዘማቹ ስንቅ ያደረገው በከንቱ አይደለም። ሁለት ማንኪያ በሶ፣ ትንሽ ማር፣ ቆንጠር ያለ ጨው፣ በቀዝቃዛ ውሃ በጠርሙስ ውስጥ ናጥ አድርጎ መጠጣት ነው። ገብሱ ጉልበት ይሆናል፣ ውሃው ራሱ ይገባል። ብዙ ብር ከሚከፈልበት ዱቄት ይልቅ ለእኔ ይስማማኛል፣ አፌም ያውቀዋል።

ቡናን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። ቡና ያደርቃል ይባላል። አንድ ሁለት ስኒ ለለመደ ሰው አያደርቅም፣ ውስጡ ያለው ውሃ ተቆጥሮ ይገባል። የእኔ ጥፋት ቡና መጠጣቴ አልነበረም። ከቡናው ሌላ እምብዛም አለመጠጣቴ ነው።

ሌላው የተለወጠው ልማዴ ነው። አሁን የምጠጣው በሰዓት እንጂ በጥም አይደለም። ሸክም ላይ ስሆን በሰዓት ግማሽ ሊትር አካባቢ፣ ጉንጭ ጉንጭ እያልኩ። ስሸና ቀለሙን አያለሁ። የሎሚ ጭማቂ ሲመስል እቀጥላለሁ፣ ሻይ ሲመስል ቁጭ እላለሁ። ጠዋት ስገባ በመመለሻ መንገዴ ላይ አንድ ሙሉ ጠርሙስ ዛፍ ላይ አንጠልጥዬ አልፋለሁ፣ አቀበቱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ። በብርድ ቀን ጠርሙሱን ዘቅዝቄ ነው የማንጠለጥለው። በረዶ ከላይ ስለሚጀምር፣ ሲዘቀዘቅ አፉ ክፍት ይቆያል። ውሃ ማፍላት ካለብኝ ሦስት ደቂቃ አፈላዋለሁ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ እንዲያ ነው የሚመከረው፣ ምክንያቱም ከፍታ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ጋሼ ለዚህ ሁሉ አንድ አባባል አላቸው፣ "ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ" ይላሉ። ድሮ ለጠብና ለዕዳ የሚባል ይመስለኝ ነበር። አሁን ጠርሙስ ባነሳሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

እሑድ ጠዋት

በማግስቱ ሥጋው እንደተሰቀለ ቆየን፣ ጠንክሮ። ጋሼ ጉልበታቸውን በጨርቅ አስረው መጡ። አይምጡ ብያቸው ነበር፣ አልሰሙኝም። ሥጋውን ስናወርድ ቢላዬ ትዝ አለኝ። ሻንጣዬ ውስጥ የለም። ትናንት ስንጭን እዚያው ላይ ረስቼዋለሁ። አባቴ የሰጠኝ ቢላ ነው። እኔ ደግሞ ዕቃ የምረሳ ሰው አይደለሁም።

"ሂድ አምጣው፣ እዚህ እጠብቅሃለሁ" አሉ ጋሼ። "ውሃህን ያዝ።"

ብቻዬን ወጣሁ። ቁራዎቹ ከእኔ ቀድመው ደርሰዋል፣ ስቀርብ ተነሱ። ቢላው እንዳስቀመጥኩት ግንዱ ላይ ነው። ከግንዱ ሥር፣ ትናንት ከረጢቱን የዘቀዘቅኩበት ቦታ ላይ፣ ሣሩ በበረዶ ተሸፍኗል። በዙሪያው ምንም በረዶ የለም፣ እዚያች ቦታ ብቻ። የትሪ ያህል ስፋት አለው። ቀጭን ነው፣ ሣሩ አንድ በአንድ ከሥሩ ይታያል። ፀሐይዋ ገና ዛፎቹን አላለፈችም ነበርና አልቀለጠም። ጎንበስ ብዬ መዳፌን አሳረፍኩበት። እስኪቆረጥመኝ ድረስ አላነሳሁትም።

ከታች ጋሼ ተጣሩ። ድምፃቸው በሸለቆው ውስጥ ተንከባልሎ ደረሰኝ።

"ቢላውን አገኘኸው?"

"አገኘሁት!"

"ጠጣህ?"

ጠርሙሱን ከደረት ኪሴ አወጣሁ። በሶው ወፍሯል፣ ነቀነቅኩት።

"እየጠጣሁ ነው፣ ጋሼ!"